ጥሩ ትምህርት ቤት የሚባለው ሰፈር

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች ቤት ልንገዛ ወይም ልንከራይ ስንነሳ፣ ከብድሩ ወለድም ከቅድሚያ ክፍያውም በፊት የምናነሳው ጥያቄ «ትምህርት ቤቱስ?» የሚል ነው። ስልካችን ላይ ያለው የቤት መፈለጊያ ከእያንዳንዱ ቤት ሥር ከ1 እስከ 10 የሚደርስ የትምህርት ቤት ነጥብ ያሳያል። ነጥቡ 8 ወይም 9 ከሆነ ወጥ ቤቱ ቢጠብም፣ ከሥራ ቢርቅም እንችለዋለን። 3 ከሆነ ቤቱ የፈለገውን ያህል ቢያምር ይታለፋል። በክርስትናም፣ በለቅሶም፣ በሰንበቴም ወላጆች ሲገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው፤ የትኛው ካውንቲ፣ የትኛው ሰፈር፣ የትኛው ሃይ ስኩል። ለልጁ ብሎ ሌሊቱን ኡበር እየነዳ ውድ ኪራይ የሚከፍልን አባት ማንም ሊወቅሰው አይችልም። እኔም ወላጅ ነኝ፤ ሰፈር ስመርጥ ያንን ቁጥር አይቻለሁ።

አብሮት የሚመጣው ሌላ ንግግር ግን አላስቀምጥ ብሎኛል። «እዚያማ እንዳታስገቢው፤ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነው» ይባላል። ቀጥሎም፣ «ትምህርት አይወዱም። መንግሥት ሁሉን በነጻ አቅርቦላቸው አልተጠቀሙበትም። እኛ በባዶ እጃችን መጥተን፣ ቋንቋው ሳይገባን፣ ልጆቻችንን ለወግ ለማዕረግ አበቃን።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ደክመው ያሳደጉ፣ በልጆቻቸው የሚኮሩ፣ ኩራቱም የሚገባቸው ናቸው። ንግግሩ ግን እውነት አይደለም። እውነት አለመሆኑን ለማወቅ የፍርድ ቤት መዝገብና የበጀት ቁጥር ማየት ይበቃል። ልጆቻችን ይህን ከአፋችን እየሰሙ ስለሚያድጉ ረዘም አድርጌ ልጽፈው ተነሳሁ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከገንዘቡ ልጀምር። አገሪቱ ውስጥ የየአካባቢያቸውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩ ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ የትምህርት ዲስትሪክቶች አሉ። የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በጀት በአገር ደረጃ ሲታይ ከግማሽ ትንሽ የሚያንሰው ከስቴቱ ይመጣል፤ ከዚያ ብዙም የማይርቅ መጠን ደግሞ ከአካባቢው ነዋሪ ይሰበሰባል። የፌዴራል መንግሥቱ ድርሻ በተለመደው ጊዜ ከአንድ አሥረኛ በታች ነው። ከአካባቢው የሚሰበሰበው አብዛኛው የቤትና የመሬት ግብር፣ ፕሮፐርቲ ታክስ የምንለው ነው። ስለዚህ ቤቶቹ ውድ የሆኑበት ዲስትሪክት ዝቅ ያለ ግብር ጥሎም ብዙ ይሰበስባል፤ ቤቶቹ ርካሽ የሆኑበት ነዋሪውን አስጨንቆም ጥቂት ያገኛል። የተሻለ ደመወዝ የሚከፍለው ልምድ ያላቸውን አስተማሪዎች ይወስዳል፤ የትምህርት ቤቱ ነጥብ ከፍ ይላል፤ ነጥቡ ከፍ ሲል የቤት ዋጋ ይወጣል፤ የቤት ዋጋ ሲወጣ ግብሩም ይጨምራል። እኛ ስልካችን ላይ የምናየው ቁጥር የዚህ ሁሉ ድምር ነው። የአስተማሪውን ትጋት ወይም የልጆቹን ጭንቅላት የሚለካ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን የወላጆቹን ገቢ ነው።

ይህን አሠራር ከሁሉም በላይ ገላልጦ ያሳየው የቴክሳስ ጉዳይ ነው። በሳን አንቶኒዮ ከተማ ኤጅዉድ የሚባል ዲስትሪክት አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከተማሪዎቹ 90 በመቶ ያህሉ ሜክሲኮ አሜሪካውያን፣ ከቀሩትም የሚበዙት ጥቁሮች ነበሩ። በ1968 ተማሪዎቹ ሕንጻው ፈረሰብን፣ ብቁ አስተማሪ አጣን ብለው ከክፍል ወጥተው ተሰለፉ። ወላጆቻቸው ተከትለው ከሰሱ። ክሱ ስሙን የወሰደው ከአንዱ አባት ከዴሜትሪዮ ሮድሪጌዝ ነው፤ በአየር ኃይል ጣቢያ ብረት ሠራተኛ የነበረ ሰው።

መዝገቡ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ቀስ ብላችሁ አንብቧቸው። በ1967/68 የትምህርት ዘመን የኤጅዉድ ነዋሪዎች ለትምህርት የከፈሉት ግብር በ100 ዶላር የንብረት ግምት 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ነበር። በከተማዋ ካሉት ዲስትሪክቶች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነው። ከዚህ ሁሉ መክፈል በኋላ ከራሳቸው ግብር ለአንድ ተማሪ የተገኘው 26 ዶላር ብቻ ሆነ። እዚያው ከተማ ያለው፣ ነጮች የሚበዙበት ሀብታሙ አላሞ ሃይትስ ደግሞ 85 ሳንቲም ከፍሎ ለአንድ ተማሪ 333 ዶላር አገኘ። የስቴቱና የፌዴራሉ ድጎማ ሲጨመርበት ለኤጅዉድ ልጅ 356 ዶላር፣ ለአላሞ ሃይትስ ልጅ 594 ዶላር ደረሰ። ከደሃ ኪሳቸው አብልጠው የከፈሉት ወላጆች ናቸው ያነሰውን ያገኙት። «ለልጆቻቸው ትምህርት ግድ የላቸውም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ በልቤ የሚመጣው ይህ 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ነው።

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 በ5 ለ4 ድምፅ ፈረደባቸው። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ሉዊስ ፓወል፣ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በግልጽ ጥበቃ ከተደረገላቸው መብቶች አንዱ አይደለም አሉ። ከ19 ዓመት በፊት የትምህርት ቤትን በዘር መለያየት ተከራክረው ያሸነፉት ጠበቃ፣ በኋላም የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የሆኑት ተርጉድ ማርሻል፣ ረጅም የልዩነት ሐሳብ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ለልጆች እኩል በጀት የሚጠይቅ ሰው የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በር ተዘግቶበታል፤ ያለው አማራጭ በየስቴቱ መክሰስ ነው። እዚያም ቢሆን ታግለው ያሸነፉ አሉ። በ1989 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ኤጅዉድን አሸናፊ አደረጉ። በኒው ጀርሲ ደግሞ አቦት በሚባለው ክስ ስቴቱ ለድሆቹ ዲስትሪክቶች የሀብታሞቹን ያህል እንዲመድብ፣ በ1998ም ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃናት መዋዕለ ሕፃናት እንዲከፍት ታዘዘ።

«ገንዘብ ምን ያደርጋል፣ ዋናው ቤተሰብ ነው» ለሚሉ፣ ኪራቦ ጃክሰን፣ ራከር ጆንሰንና ክላውዲያ ፐርሲኮ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ያሳተሙት ጥናት አለ። ፍርድ ቤቶች በጀት እንዲስተካከል ባዘዙባቸው ቦታዎች የተማሩ ልጆችን እስኪያድጉ ድረስ ተከታትለዋል። በ12ቱ የትምህርት ዓመታት ሁሉ በጀቱ 10 በመቶ የጨመረለት ልጅ፣ ካደገ በኋላ ደመወዙ በ7 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ለድሃ ቤተሰብ ልጆች ደግሞ ውጤቱ ከዚህም ይበልጣል። ቤተሰብ ዋና ነው፤ ቤተሰብ ግን የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ሊከፍት አይችልም።

ድህነቱ የሁሉም ነው፤ ነጭ ድሃ ሞልቷል የሚል መልስ ይመጣል። ልክ ነው፤ የዌስት ቨርጂኒያን የማዕድን ከተሞች ያየ ሰው ይህን አይክድም። ነገር ግን ኤድቢልድ የተባለው ድርጅት በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቻቸው ነጭ ያልሆኑ ዲስትሪክቶች፣ ነጮች ከሚበዙባቸው ዲስትሪክቶች ጋር ተቀራራቢ የተማሪ ቁጥር እያላቸው በዓመት 23 ቢሊዮን ዶላር ያነሰ እንደሚያገኙ አሳይቷል። ድሃ ከድሃ ጋር ሲወዳደር እንኳ፣ የነጭ ድሆች ዲስትሪክት ነጭ ካልሆኑት ድሆች ዲስትሪክት ለአንድ ተማሪ ወደ 1,500 ዶላር ብልጫ ነበረው። ድህነትና ዘር እዚህ አገር ተጋምደው የኖሩ ናቸው፤ አንዱን መዘን ሌላውን ልንተወው አንችልም።

የተጋመዱበት ምክንያት ድንበሮቹ የተሰመሩበት መንገድ ነው። በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥቱ የቤት ብድር ተቋም የከተሞችን ካርታ አሠርቶ ሰፈሮችን በአራት ቀለም ከፈለ። አረንጓዴው ምርጥ፣ ቀዩ ለብድር አደገኛ ማለት ነበር፤ ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ቀይ ተቀባ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ለቤት ብድር ዋስትና መስጠት ሲጀምር የጥቁሮችን ሰፈር ዘለለ፤ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክል ውል መግባትንም ያበረታታ ነበር። ዛሬ ነጥባቸውን እያየን የምንሻማባቸው ብዙ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮች የድሮ የቤት ሰነድ ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ አለ። ፍርድ ቤቶች ይህን ውል ማስፈጸም የተከለከሉት በ1948፣ በቤት ሽያጭና ኪራይ በዘር ማግለል በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1968 ነው። በእነዚያ ከ30 በላይ ዓመታት ነጩ ሠራተኛ በመንግሥት ዋስትና፣ በትንሽ ወለድ ቤት ገዛ፤ ቤቱ ዋጋ አወጣ፤ ለልጁ አወረሰው። ጥቁሩ ሠራተኛ ተከራይቶ ኖረ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከቤቱ ዋጋ ጋር ታስሯል።

አሁን ወደ «ትምህርት አይወዱም» ልመለስ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

በዓለም ታሪክ ፊደል ለመቁጠር ይህን ያህል ዋጋ የከፈለ ሕዝብ ብዙ አላውቅም። ሳውዝ ካሮላይና በ1740 ባሪያን መጻፍ ማስተማር በሕግ ከለከለች። ቨርጂኒያ በ1831 ጥቁሮችን ማንበብ ለማስተማር መሰብሰብን ሕገወጥ አደረገች። ከባርነት አምልጦ ታላቅ የነጻነት ታጋይ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ፣ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ያስተማሩት እመቤቱ በባላቸው ሲከለከሉ፣ የቀረውን በባልቲሞር መንገዶች ላይ ለድሃ ነጭ ልጆች ዳቦ እየሰጠ ከእነሱ ለቀመ። በስተርጅና የኖረበት ቤት እዚሁ ዲሲ፣ አናኮስቲያ ኮረብታ ላይ አለ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ከባርነት በኋላም ያው ነው። ጥቁሩ መምህር ቡከር ቲ. ዋሽንግተንና የሲርስ መደብሮች ባለሀብት የነበረው ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ከ1912 ጀምሮ በደቡብ ስቴቶች ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ማሠራት ጀመሩ። እስከ 1932 ድረስ ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። ከባለሀብቱ የወጣው 4.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ጥቁር ገበሬዎችና ሠራተኞች ከየኪሳቸው ያዋጡት 4.7 ሚሊዮን ነው። ሳንቲም ያዋጣ አለ፣ እንጨት ያቀረበ አለ፣ ጉልበቱን የሰጠ አለ። እነዚህ ሰዎች እንደማንኛውም ዜጋ ግብር ይከፍሉ ነበር፤ ግብራቸው የነጮቹን ትምህርት ቤት እየሠራ ለራሳቸው ልጆች እንደገና አዋጡ።

በሳውዝ ካሮላይና ክላረንደን ካውንቲ ደግሞ ነገሩ የጀመረው በአውቶቡስ ነው። ነጮቹ ልጆች ወደ 30 የሚሆኑ አውቶቡሶች ነበሯቸው፤ ጥቁሮቹ አንድም አልነበራቸውም፤ ኪሎ ሜትሮችን በእግር ይሄዱ ነበር። ወላጆቹ በ1947 የጠየቁት አንድ አውቶቡስ ነው። እምቢ ተባሉ። ካውንቲው በዚያ ዘመን ለነጭ ተማሪ 179 ዶላር ሲያወጣ ለጥቁር ተማሪ 43 ዶላር ያወጣ ነበር። ክሱን የፈረሙት ሃሪ ብሪግስ ከነዳጅ ማደያ ሥራው፣ ሚስቱ ኤላይዛ ከሆቴል ጽዳት ሥራዋ ተባረሩ። ያስተባበሯቸው ቄስ ጆሴፍ ዴሌን ቤታቸው ተቃጠለ። ያ ክስ በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ከወሰነባቸው አምስት ክሶች አንዱ ሆነ፤ ትምህርት ቤትን በዘር መለየት የከለከለው፣ ብራውን የተባለው ታዋቂ ውሳኔ ማለት ነው።

ከአምስቱ አንዱ ከቨርጂኒያ ነው። በፋርምቪል ከተማ የሞተን ሃይ ስኩል የተሠራው ለ180 ተማሪዎች ሆኖ ከ450 በላይ ታጭቀውበት ነበር። የተረፉትን ሬንጅ በተቀባ ወረቀት በተሸፈኑ የእንጨት ዳሶች አስገቧቸው። በብርዱ ወራት ልጆቹ ካፖርት ለብሰው ይማራሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዘረጋሉ። ሚያዝያ 23 ቀን 1951 ባርባራ ጆንስ የተባለች የ16 ዓመት ተማሪ ተማሪዎቹን አዳራሽ ሰብስባ ከትምህርት ቤቱ አስወጣቻቸው። ወላጅ አልገፋፋትም፣ ጠበቃም አልመከራትም፤ ልጅቷ ራሷ ናት ያሰበችው። እነ ተርጉድ ማርሻል ካሸነፉ በኋላ የሆነውን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ባለሥልጣናት ልጆቹን አንድ ላይ ከምናስተምር ብለው በ1959 የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ዘጉ። ለነጮቹ የግል አካዳሚ ተከፈተ፤ ስቴቱም ለክፍያው ድጎማ ሰጠ። ከ1,500 በላይ ጥቁር ልጆች ግን ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። አንዳንዶቹ ዘመድ ዘንድ ወደ ሌላ ስቴት ተላኩ፤ ሌሎቹ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በጎ ፈቃደኞች ያስተማሯቸውን ይዘው ቀሩ። በሩ የተከፈተው በ1964፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካዘዘ በኋላ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ማለት ነው።

በ1959 አንደኛ ክፍል መግባት የነበረበት ልጅ ዛሬ ሰባ ዓመት የተሻገረ አያት ነው። ለልጁ የቤት ሥራ ማሳየት ያቃተው፣ ፎርም መሙላት የሚያሳፍረው አባት ሆኖ ኖሯል። የልጅ ልጁ ዛሬ ከልጆቻችን ጋር አንድ ክፍል ሊቀመጥ ይችላል። ታሪኩ ያን ያህል ቅርብ ነው።

ሰሜኑም የተሻለ አልነበረም። ዲትሮይት ውስጥ ነጮች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲወጡ ትምህርት ቤቶቹ በአብዛኛው በጥቁር ተማሪዎች ተሞሉ። የበታች ፍርድ ቤት ከተማዋና ዳርቻዎቿ ተማሪዎችን እንዲቀላቀሉ አዘዘ። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ እንደገና በ5 ለ4፣ መፍትሔው የዲስትሪክት ድንበር አይሻገርም ብሎ ሻረው። ከ1973ቱ ውሳኔ ጋር አንድ ላይ ስታነቡት ትርጉሙ ይገባችኋል፤ ልጆቹም ድንበሩን አይሻገሩም፣ ገንዘቡም አይሻገርም። ዛሬ ያለው የአሜሪካ ትምህርት ቤት በእነዚህ ሁለት ፍርዶች ላይ የቆመ ነው።

እኛስ እንዴት ገባን? እስከ 1965 ድረስ የነበረው የኢሚግሬሽን ሕግ ለአፍሪካውያን የተወው ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ነበር። ያ ሕግ የተቀየረው የጥቁሮች የመብት ትግል አገሪቱን ባንቀጠቀጠበት ወቅት፣ የሲቪል መብቶች ሕግ በወጣ በዓመቱ ነው። በ1980 የስደተኞች ሕግ፣ በ1990 ደግሞ ዲቪን የፈጠረው ሕግ ተከተለ። ዲቪ ለማግኘት 12ኛ ክፍል መጨረስ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ ማሳየት ግድ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ወደዚህ የመጣነው ከየቤታችን ከተማሩት፣ ፓስፖርትና የአውሮፕላን ትኬት መግዛት ከቻሉት መካከል ተመርጠን ነው። አገር ቤት ፊደል ያልቆጠረውን ገበሬ አጎታችንን ይዘን አልመጣንም። ተመርጦ የመጣን ሰው፣ ትምህርት ቤቱ አምስት ዓመት ከተዘጋበት ሰው ጋር አወዳድሮ «እኛ በርትተን ነው» ማለት ፍትሕ የለውም። ብርታታችን እውነት ነው፤ ውድድሩ ግን እውነት አይደለም።

ልጆቻችን እንግሊዝኛ የሚማሩበት ኢሶል የሚባለው ክፍል እንኳ የጥቁር አሜሪካውያን ትግል ፍሬ ነው። በ1974 የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች፣ በማይገባን ቋንቋ እያስተማራችሁን ነው ብለው ሲያሸንፉ፣ ፍርድ ቤቱ የጠቀሰው በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ውስጥ ያለውን፣ በዘርና በትውልድ አገር ማግለልን የሚከለክለውን ስድስተኛ ምዕራፍ ነው። በስብሰባ ላይ አስተርጓሚ የሚመደብልንም በዚሁ ሕግ ነው። ከዚያም ወደ ኋላ እንሂድ ከተባለ ዶክተር መላኩ በያን አሉ። ሕክምና የተማሩት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጥቁሮች ሌላ ቦታ በር ሲዘጋባቸው በገቡበት፣ በ1867 በተመሠረተው። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ለኢትዮጵያ ገንዘብ ያዋጡት፣ ሰልፍ የወጡት፣ መላኩ በያን በ1937 በኒው ዮርክ ባቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሥር የተሰባሰቡት አብዛኞቹ እነዚሁ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው።

እኔ በትምህርት ቤት አስተርጓሚነት እሠራለሁ። ሥራዬ ከሚወስደኝ ቦታዎች አንዱ የምዝገባ ጠረጴዛ ነው። እዚያ ለልጅ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ነገር የት ትኖራለህ ነው። የኪራይ ውል፣ የመብራት ወይም የውኃ ቢል፣ የመኪና ፈቃድ። አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። ከስምንት ዓመት ልጇ ጋር የምትኖረው የአገሯ ሰው ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ ውል የላትም፣ ቢሉም በእሷ ስም አይመጣም። ባለቤትየው ቀርቦ በኖተሪ ፊት «እኔ ዘንድ ትኖራለች» ብሎ ይፈርም ተባለች። ባለቤቱ ደግሞ ቤዝመንቱን ለማከራየት ፈቃድ ስለሌለው ፈራ። «እህቴ፣ እለምንሻለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ወረቀት ላምጣላቸው?» አለችኝ፤ ልጁ አጠገቧ ቦርሳውን አዝሎ ቆሟል፤ ቦርሳው ላይ የዋጋ ወረቀቱ ገና አልተነሳም።

የምትኖረው በችግር ምክንያት ተጠግታ መሆኑን ስታስረዳ ነገሩ ተፈታ። ብዙ ሰው ስለማያውቀው እዚህ ልጻፈው። ማኪኒ ቬንቶ የሚባል በ1987 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ቤት በማጣት ወይም በገንዘብ ችግር ዘመድና ወዳጅ ዘንድ ተጠግቶ የሚኖር ልጅ የመኖሪያ ማስረጃ ባይኖረውም ወዲያውኑ እንዲመዘገብ ያዛል። እያንዳንዱ ዲስትሪክት ይህን የሚከታተል ተጠሪ አለው፤ በምዝገባ ጠረጴዛው ላይ እሱን ጥሩልኝ ማለት ይቻላል። የኢሚግሬሽን ወረቀት አለመኖርም እንቅፋት አይደለም፤ በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወረቀት የሌለውን ልጅ ከሕዝብ ትምህርት ቤት ማባረር አይቻልም ብሏል።

ሌላ እናት ግን እንዲህ አልተፈታላትም። በኦሃዮ ስቴት አክረን ከተማ አንዲት ጥቁር እናት ልጆቿን በአባቷ አድራሻ የተሻለ ዲስትሪክት አስመዝግባ ተገኘች። በወንጀል ተከሰሰች፤ በ2011 ተፈረደባትም፤ ዘጠኝ ቀን ታሰረች። የስቴቱ ገዥ በኋላ ቅጣቱን ቢያቀልላትም መታሰሯ አልቀረም። እዚህ አገር ሀብታም ሰው ለልጁ ትምህርት ቤት ብሎ ቤት ሲቀይር ጥሩ ወላጅ ይባላል። ድሃዋ ለዚያው ዓላማ የአያታቸውን አድራሻ ስትጽፍ ሌባ ተባለች። ለልጆቿ የፈለገችው እኛ ለልጆቻችን ከምንፈልገው በምን ይለያል?

ጥሩው ዲስትሪክት ውስጥ ከገቡ በኋላም ነገሩ አያልቅም። አንድ ሕንጻ ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤት ሊኖር ይችላል፤ ፎቅ ላይ ያለው የኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) ክፍል በነጭና በእስያውያን ልጆች ሞልቶ፣ ምድር ቤት ያለው የማካካሻ ክፍል በጥቁርና በላቲኖ ልጆች። ብዙ ሐበሻ ወላጅ የሚመኘውን በፌርፋክስ የሚገኘውን የቶማስ ጄፈርሰን ሃይ ስኩል ውሰዱ። ለመግባት ፈተና ነበረው፣ የማመልከቻ ክፍያ ነበረው፣ ለፈተናው ደግሞ ወላጅ ለዓመታት የሚከፍልበት የግል ማሠልጠኛ ተስፋፍቶ ነበር። በ2020 ከ480 በላይ አዲስ ተማሪዎች ሲቀበል ጥቁሮቹ ከ10 ስለሚያንሱ ቁጥራቸው እንኳ በይፋ አልወጣም። ዲስትሪክቱ ፈተናውንና ክፍያውን አንስቶ ከእያንዳንዱ መካከለኛ ትምህርት ቤት ምርጥ ተማሪዎች ቦታ እንዲያገኙ ሲያደርግ፣ በቀጣዩ ዓመት ከተቀበላቸው አራት ልጆች አንዱ ከድሃ ቤተሰብ ሆነ፤ ቀድሞ ከመቶ አንድ አይሞሉም ነበር። እነዚህ ልጆች በአንድ ክረምት አልጎበዙም። ድሮም እዚያው ነበሩ። አዲሱ አሠራር ተከስሶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱ በ2024 ጉዳዩን አላይም በማለቱ ጸንቶ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ማንም ቤቱን ሸጦ ወደ ዝቅተኛ ነጥብ ሰፈር እንዲገባ አይደለም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ልጆቻችን ፊት ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የምንናገረውን እንድናስተካክል ነው። ልጃችን ከቤት ሲወጣ እሱም ጥቁር ነው፤ አስተማሪው፣ ፖሊሱ፣ ቀጣሪው የሚያዩት እሱን እንጂ ዲቪያችንን አይደለም። ስለነሱ የነገርነው ስለራሱ የሰማው ይሆናል።

ሁለተኛው መገኘት ነው። የዲስትሪክት ድንበር ሲከለስ፣ በጀት ሲመደብ፣ የስኩል ቦርድ ምርጫ ሲደረግ እኛ የለንም። ድንበር ሲከለስ በየካውንቲው አዳራሹን ሞልተው የሚያገኟቸው ውድ ቤት ያላቸው ወላጆች ናቸው፤ ንግግራቸውም ተመሳሳይ ነው፣ «የነዚያን ሰፈር ልጆች ወደኛ አታምጡብን»። ከነሱ መካከል አንዳንዴ የእኛም ሰው እጁን አውጥቶ ይናገራል። እኔ በሚቀጥለው የድንበር ክለሳ ስብሰባ ለመናገር ተመዝግቤያለሁ፤ ለነዚያ ሰፈር ልጆች ወግኜ። አስተርጓሚ የሚፈልግ ሰው ከስብሰባው ቀናት በፊት ለዲስትሪክቱ ቢሮ ደውሎ አማርኛ ብሎ ይጠይቅ፤ ክፍያ የለውም። የስብሰባዎቹ ቀን በየዲስትሪክቱ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ለመናገር የሚፈልግም ስሙን አስቀድሞ ማስያዝ አለበት።